የቬርና መኪና አልነሳ ባለች ጊዜ

የጎረቤቴ የቬርና ልጅ ዊኒፔግ ከተማ ሆስፒታል ምጥ ላይ ነበረች፤ እናቷ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው መድረስ አለባት። መኪናዋ ግን አልነሳ አለች። በእኛ ሰፈር በብርድ ጊዜ መኪና እምቢ ካለ ጥፋተኛ የሚባለው ሁልጊዜ ባትሪው ነው። ባሏ ኦርቪልም፣ "ባትሪው ሞቷል፣ አትድከሚ" አላት።

"አንተ እኔንም በቁሜ ትቀብረኛለህ" አለችው።

እኔ አጠገቧ ቆሜ ሳይ፣ የፊት መብራቱን ስታበራው ቦግ አለ። ሞተሩን ልታስነሳ ቁልፉን ስታዞር ድርግም አለ፤ ስትለቀው ተመልሶ በራ።

"ባትሪው ደህና ነው፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው" አለችኝ።

የሞተሩን ክዳን ከፍታ የባትሪውን ገመድ ስትነካው ተወዛወዘ፤ ጫፉ ነጭ ዝገት ለብሷል። ነቀለችው፣ የሥጋ መጥበሻውን በምታጸዳበት የሽቦ ብሩሽ ፈገፈገችው፣ መልሳ አጥብቃ አሰረችው። መኪናዋ ተነሳች።

ኦርቪል የጉዞ ሻንጣ ይዞ ከቤት ወጣ።

"በል ግባ፣ አንተ አያት" አለችው።