የሃያ አምስት ቀን ባለመሬት

የኔነሽ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ሆቴል አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ እያጠበች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የምታድረውም እዚያው ጓሮ፣ ከመተኮሻው ክፍል ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ክፍል ነበር። በድሬ ሙቀት ላይ የካውያው ወላፈን ሲጨመርበት ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ አይበርድም። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሯን ራሷ የምትከፍተውና የምትዘጋው ቤት።

ሰኔ 24 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሳቢያን ሰፈር ወዲህ ቁልቋልና ግራር ብቻ የበቀለበት ባዶ ቦታ ገዛች። የሸጠላት አብዲቃድር የሚባል፣ የአባቱን መሬት እየቆረሰ የሚሸጥ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። ሦስት ምስክሮች ከፈረሙ በኋላ አብዲቃድር ድንበሩን በእርምጃው እየለካ አሳያት።

«በሩን በየት በኩል ልታደርጊው ነው?» አላት።

«ነፋስ በሚመጣበት።»

«አቦ፣ አውቀሻል! እንግዲያው በዚህ በኩል አድርጊው።»

በማግስቱ ጋሪ ተከራይታ ከደቻቱ ወንዝ ድንጋይ ማስመጣት ጀመረች። ከሥራ ስትወጣ በእግሯ እየሄደች አንድ በአንድ ትመርጠዋለች፤ ጠፍጣፋውን ለመሠረቱ፣ ቀላ ያለውን ለፊት ግድግዳው።

ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ በራዲዮ ታወጀ። አስተናጋጆቹ አጨበጨቡ። የኔነሽም አብራ አጨበጨበች፤ ትርፍ ቤት ቀርቶ አንድም የላት። በኋላ ነው የሆቴሉን ገንዘብ ያዥ፣ «ባዶ ቦታስ?» ብላ የጠየቀችው።

«ባዶ ቦታማ ካሳም የለው» አላት።

ቦታውን ከገዛች ገና ሃያ አምስት ቀኗ ነበር። በቀጥታ አብዲቃድር ቤት ሄደች። ሽማግሌው ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው መሬቱ ሁሉ አብሮ ተወርሷል።

«ወላሂ የኔነሽ፣ የሸጥኩልሽ የራሴን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትዪኝ መጣሽ?»

«ምንም። የምሄድበት ሰው አጣሁ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር የሆነው በቀለ ትናንት እዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረ፣ የጠረጴዛ ልብስ ከእጇ የሚቀበል ሰው ነው። ስትገባ ከወንበሩ አልተነሳም።

«ጓድ የኔነሽ፣ መሬቱ የሰፊው ሕዝብ ሆኗል። አንቺም ሰፊው ሕዝብ ነሽ፤ አመልክቺ።»

«ድንጋዩስ? ድንጋዩን እኮ ከወንዝ ነው ያመጣሁት።»

«እናየዋለን።»

በእርግጥም አዩት። ከመስከረም በኋላ የቀበሌው አዳራሽ በዘመቻ እንዲሠራ ተወሰነና ድንጋዩ በመኪና ተጭኖ ሄደ። እሑድ እሑድ ነዋሪው ሁሉ ይወጣል፤ የቀረ ስሙ ይጻፋል። የኔነሽም ወጥታ የራሷን ድንጋይ ለግንበኛው እያቀበለች ዋለች። ግንበኛው ሙመድ ቀላ ያለውን አገላብጦ አየና፣ «እንዲህ ያለውን ድንጋይ ማን መረጠው? ሙያ ያለው ሰው ነው» አለ።

«እንጃ» አለችው።

በዓመቱ የቦታ ማመልከቻ መጣ። ማንበብ ስለማትችል በቀለ አነበበላት፦ «ከዚህ በፊት በስሜ ምንም ቦታ ኖሮኝ አያውቅም።»

«አንተ እኮ ነገሩን ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። ካልፈረምሽ ግን ተራ አትይዢም።»

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። የሸጠላትንም፣ የመሰከሩላትንም የካደች መሰላት። አብዲቃድር በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከልጆቹ ጋር ወደ ጅቡቲ ሲሻገር እንኳ አፍራ ልትሰናበተው አልሄደችም። ተራውን ግን ጠበቀች፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ስሟ አልተጠራም።

በ1980 ጡረታ ስትወጣ ሆቴሉ ክፍሉን አስለቀቃት። እንደገና ቀበሌ ሄደች። በቀለ ተዛውሮ በቦታው ሉል የምትባል ወጣት ጸሐፊ ተቀምጣለች። መዝገብ ስታገላብጥ ቆየችና፣ «እማማ፣ ማመልከቻሽ የለም። እንደ አዲስ እንሙላልሽ» አለቻት፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገርም አነበበችላት።

የኔነሽ የቀለሙን ሳጥን ወደ ልጅቷ መልሳ ገፋችው።

«አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

አሁን የምትኖረው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ሰርካዲስ በተከራየቻት የቀበሌ ቤት ጥግ፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። የሰርካዲስ ልጆች ከእነቤተሰባቸው ሲመጡ ቤቱ አይበቃም። ማንም ሳይጠይቃት ፍራሿን ጠቅልላ ትነሣና፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀምጣ እስኪሄዱ ትጠብቃለች።