የመጀመሪያው አልበም የመጨረሻ ዘፈን

በጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ስቱዲዮ ከፍተው የሀበሻውን፣ የሶማሌውንና የአፋሩን ሠርግ ሲቀዱ የኖሩት ወይዘሮ ጽጌ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። እኔ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ብዙ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን አያድርም። ለምታውቋቸው ሁሉ መጽናናትን እየተመኘሁ ስለ አንድ ቀን ሥራቸው ልንገራችሁ።

አየርላንዳውያን እህትና ወንድም ነበሩ። ኖራ እዚሁ ጅቡቲ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ታናሽ ወንድሟ ኮነር ጊታሩን ይዞ መጣና፣ የአገራቸውን ዜማ በዘመናዊ ስልት እየተጫወቱ የመጀመሪያ አልበማቸውን እኛ ዘንድ መቅዳት ጀመሩ። አንድ ዘፈን ሲቀራቸው ተጣሉ። እሱ አብረን እንመለስ ይላል፤ እሷ እዚሁ እቀራለሁ አለች። የመጨረሻው ዘፈን በሚቀዳበት ቀን ማታ ኮነር አውሮፕላን ሊሳፈር ነው። ዘፈኑ ሳይቀዳ ከሄደ አልበሙም ቀረ፣ ባንዱም ፈረሰ።

ጠዋት ሆድና ጀርባ ሆነው ገቡ። ኮነር ድርሻዬን ለብቻዬ ቀድቼ ልሂድ አለ። ኖራ በሩ አጠገብ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ከደጃችን ደግሞ ጫት ሻጮች አሉ፤ እኩለ ቀን ላይ የጫቱ መኪና ሲደርስ ጥሩምባውና ጩኸቱ ግድግዳ አያግደውም። ከዚያ በፊት መጨረስ ነበረብን።

ወይዘሮ ጽጌ በፈረንሳይኛ፣ «ሌሎቹ ማይኮች ተበላሽተዋል። የቀረኝ አንድ ነው፤ አብራችሁ ትዘፍናላችሁ» አሏቸው።

ደነገጥሁ። ማይኮቹን ጠዋት የሞከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ፊቴን አይተው በአማርኛ፣ «አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ!» አሉኝ።

ድምፁ ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባ ኤሲውን አጠፉ። በዚያ በሐምሌ ሙቀት ላብ ከአገጫችን ይንጠባጠብ ጀመር። ኮነር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጀመረ፤ አስቆሙት። ሲደግሙ የኖራ ድምፅ ተንቀጠቀጠ።

«እንደገና!» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

ሰዓቱ ይሮጣል። ዘፈኑ መሀል ላይ ኖራ መዝፈኗን አቋረጠች። አለቀልን ብዬ ነበር። ኮነር ግን ጊታሩን ሳያቆም የእሷን ስንኝ ራሱ ዘፈነላት፤ ዞሮም አያት። ተከተለችው። ጨርሰው ትንፋሽ እንኳ ሳንሰበስብ መንገዱ በጥሩምባ ተናወጠ።

ኖራ ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች። «ሂዱ ውጭ ተቃቀፉ፣ እኛንም በሙቀት አትግደሉን!» አሉ ወይዘሮ ጽጌ።

ከሄዱ በኋላ ለምን እንደዋሿቸው ወይዘሮ ጽጌን ጠየቅኋቸው። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁ።

«እኔና እህቴ ድሬዳዋ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ተኳርፈን ነበር» አሉኝ። «እሷ ቀድማ ትናገር ብዬ ጠበቅሁ። እሷም እኔን ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ። እንደተኳረፍን ቀበርኳት።»

አልበሙ ወጣ። ኮነርም በየዓመቱ እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ዘንድሮም መጥቶ ነበርና ሐሙስ በቀብሩ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እትዬ ጽጌ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ፣ ስሳሳትም የተቆጡኝ እርስዎ ነዎት። ውለታዎን የምመልስበት የለኝም። አፈሩ ይቅለልዎ። እንግዲህ እህትዎን ያገኟታል። እባክዎ እትዬ፣ እሷን አይጠብቁ፤ ቀድመው ይናገሯት።