ጋሽ መኮንን ያልተሻገሩት መንገድ

ሰኞ ጠዋት መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የምሠራው ፓርኪንግ ጋራዥ ነው... ስልኬ ጠራ። የጋሽ መኮንን የቪዛ ጠበቃ ናት። የሚከራዩትን ሕንፃ፣ የበሩ ቁጥር እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ ላኪልኝ አለችኝ። ለፋይሉ ብቻ ነው፣ አትጨነቂ አለች። እኔ ደግሞ አትጨነቂ ሲሉኝ ነው የምጨነቀው።

ጋሽ መኮንን የአክስቴ ባል ናቸው። ጁባ ስንት ዓመት የለፉበትን ሆቴል ሸጠው ነው የመጡት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ እኛ በምንኖርባት ኦሮራ ዳቦ ቤት ከፍተው፣ ገንዘብ አፍስሶ ሥራ ለሚከፍት ሰው በሚሰጠው በኢንቨስተር ቪዛ አክስቴንና ልጆቹን ሊያመጡ።

ሕጉ ግን ቦታ ይመርጣል። አገር ቤት ሰው ሱቅ የሚከፍተው ብር ያለው ሰው የሚበዛበት ነው፤ እዚህ ሥራ አጥ የበዛበት ሰፈር ክፈት፣ ባነሰ ካፒታል እንቀበልሃለን ይሉሃል። ከዚያ ሰፈር ውጪ ከሆነ ጋሽ መኮንን ያላቸው አይበቃም፤ ቪዛውም ቀረ ማለት ነው።

ለዳቦ ቤቱ የሚከራየውን ቤት ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ከቸርቻችን ፊት ለፊት፣ አስፋልት ዳር። ያኔ ጠበቃዋ የቤቱን አድራሻ ስትጠይቀኝ የቸርቹን ላክሁላት። እኛ እንደዚያ ነን... ልደትም ይሁን ለቅሶ «ቸርቹ ጋ ስትደርሱ ደውሉ» ነው የምንባባለው። ሰፈሩ ያሟላል ብላ መለሰችልኝ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጌታን አመሰገነ።

ጋሽ መኮንን የኪራይ ውሉን ለመፈረም እዚያው ደርሰው ስለነበር ፎቶውን አንስተው ላኩልኝ፤ አስተላለፍኩላት። ወዲያው ደወለች... ድምጿ ተለውጧል። ይሄ የላክሽልኝ አድራሻ አይደለም አለችኝ።

«ፊት ለፊት እኮ ነው፤ መንገድ መሻገር ብቻ ነው» አልኳት።

«መንገዱ ነው ድንበሩ» አለች። የቸርቹ ወገን ያሟላል፣ የኛው ወገን አያሟላም።

ለጋሽ መኮንን ደወልኩ፣ አያነሱም። ሰው ፊት ስልክ ማንሳት ነውር ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ለአለቃዬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ። የኮልፋክስን ጎዳና ይዤ ወደ ኦሮራ ስነዳ እያንዳንዱ መብራት እኔን ጠብቆ የሚቀላ መሰለኝ። አክስቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነው የምትጠብቀው... ምን ልላት ነው?

ስደርስ ከአከራዩ ጋር ቁጭ ብለዋል፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ገና አልተፈረመም። በአማርኛ ቶሎ ቶሎ አስረዳኋቸው።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ፤ ሰውዬው ምን ይለኛል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከፈረሙ አክስቴ አትመጣም።»

በመስኮቱ ማዶ ያለውን ቸርች አዩት።

«ከጁባ እዚህ ድረስ ስንት አገር አቋርጣ የምትመጣ ሴት... ይቺን መንገድ ነው የማትሻገረው?»

ይህን ብለው ተነሥተው አከራዩን ይቅርታ ጠየቁ፤ በመንገዱ ማዶ የሚያከራየው ነገር እንዳለ ጠይቂልኝ አሉኝ። ሰውዬው አለው፤ ከቸርቹ ጀርባ፣ ድሮ ጎማ ቤት የነበረ፣ ከዋናው መንገድ የማይታይ ቤት። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሽ መኮንን ዞረው አያዩትም ነበር፤ ያን ቀን ግን ግድግዳውን እየዳበሱ ሁለቴ ዞሩት። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ራሴ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ጠበቃዋ በደንብ ላጣራ ብላናለች፤ እስካሁን አልደወለችም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ማታ አክስቴ ከጁባ ደወለች። አዲሱ ቤት የት ነው ብላ ጠየቀች። ጋሽ መኮንን ደስ ብሏቸው «ቸርቹን ታውቂው የለ በፎቶ? ከሱ ጀርባ...» ብለው ጀመሩ።

እንደገና በቸርቹ፣ ያውም ጠበቃዋ ገና ሳትደውል! በሕይወቴ ከትልቅ ሰው እጅ ስልክ ስቀማ የመጀመሪያዬ ነው።