የጾም አይስክሬም

ዛሬ ጠዋት ማንጠግቦሽ ከጥሊሊ ደወለችልኝ። ልጇ ጉሮሮውን አሞት ምግብ እምቢ ብሏል። «ወደ እንጅባራ እየመጣን ነው፤ ሐኪም ካየው በኋላ እርስዎ ዘንድ እናልፋለን» አለችና፣ «ያንን ነገርዎን ያዘጋጁልን» ብላ ጨመረች።

ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ማንጎ ልልጥ ተነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሕክምና ምርምር ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በምርምሩ የሚበልጡኝ ሞልተዋል፤ በአይስክሬም ግን ማንም አይደርስብኝም። በዚህ ብርድ አገር በረዶ መብላት እብደት ነው የሚሉኝ ጎረቤቶቼ እንኳ ይህን የሚሉኝ ሳህኑን ጠርገው ከላሱ በኋላ ነው።

አይስክሬም መጀመሪያ የሠራሁት በወጣትነቴ፣ ከዳንግላ ወደዚህ መጥቼ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ወሩ የሁዳዴ ነው፤ ማንጎ ከቆላ በብዛት ይገባል። እትዬ ጥሩዓለም የሚባሉ የጥርባ ገበሬ፣ አምስት ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ማንጠግቦሽን አዝለው መጡ። ጉሮሮዋ አብጦ ፍም መስሏል። ሐኪሙ ሽሮፕ አዝዞላት ሄዱ። በማግሥቱ ግን ብቻቸውን ተመለሱና አገውኛ ስለምችል እኔን ፈልገው አገኙኝ።

«ሽሮፑን ትተፋዋለች። ውኃም አልወርድላት ብሏል» አሉኝ። «እንጥሏ ወርዷል እያሉኝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆራጩ ይመጣል።»

ደነገጥኩ። እንጥሉን ተቆርጦ ደሙ አልቆም ያለ ልጅ በዚያው ሰሞን አይቼ ነበር። የማንጠግቦሽ እንጥል ደግሞ ምንም አልሆነም፤ ያበጡት በግራና በቀኝ ያሉት ቶንሲሎች ናቸው። ይህንኑ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ግን ልጃቸው እየተራበች ነው፣ የእኔ ማስረዳት ደግሞ አያጠግባትም። «የምትውጠው ነገር ነገ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ያከራየችኝ ሴት ቀዝቃዛ መጠጥ ትሸጥ ስለነበር ፍሪጅ ነበራት። ማንጎውን አድቅቄ በወተትና በስኳር ለወስኩና ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንደ ድንጋይ እንዳይጠነክር በየመሀሉ እያወጣሁ በሹካ መታሁት። በነጋታው አፈ ሰፊ ፔርሙስ ውስጥ ከትቼ በአቧራው መንገድ ወደ ጥርባ ወጣሁ፤ እየሄድኩም በራሴ በጣም ረክቼ ነበር።

እትዬ ጥሩዓለም ማንኪያውን ተቀብለው ወደ አፋቸው ሲያደርሱ ቆም አሉ።

«ምን ምን አለበት?»

«ማንጎ፣ ስኳር፣ ወተት።»

ማንኪያውን መልሰው አስቀመጡት። «ጾም ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ለእሷ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ልጅ አይጾም።»

«እሱንስ አላጣሁትም» አሉ። «እኔ ያልቀመስኩት ከልጄ አፍ አይገባም።»

አልተከራከርኩም። ጠላ የምታቀርብ ሴት እንኳ ለእንግዳዋ መጀመሪያ ቀምሳ ነው የምትሰጠው። እኔ ደግሞ ለታመመች ሕፃን እናት ልትቀምሰው የማትችለውን ነገር ይዤ መጣሁ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ፤ ቤቴ እንደደረስኩ ግን ሌላ ማንጎ መላጥ ጀመርኩ።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ደረስኩ፤ በፔርሙሱ ማንጎ፣ ሙዝና የሎሚ ጭማቂ እንጂ ጠብታ ወተት የለበትም። ቆራጩ ሽማግሌ ቀድሞኝ መደብ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ጥሩዓለም አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ጥርሳቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህ ብርድ ይመታታል» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ማንኪያውን ወደ ልጃቸው አፍ አስጠጉ።

ማንጠግቦሽ ፊቷን አጨማደደች፤ ዋጠችው። ከዚያ አፏን እንደገና ከፈተች። ቅዝቃዜው ጉሮሮዋን ሲያደነዝዘው ሽሮፑም ተከትሎ ወረደ። እናቷ አለቀሱ፤ እኔም ከማልቀስ አልቀረሁም።

ሽማግሌው ሲያይ ቆይቶ፣ «እንጥሉ የወረደ ልጅ እንዲህ አይውጥም» አለ። እትዬ ጥሩዓለምም ለእሱ አንድ ማንኪያ ሰጥተው ሸኙት።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት ኑሮ ከዚያች ቤት የወጣ ነው። እንዲህ ያለ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የልጆችን ልብ እንዴት እንደሚጎዳ ስመረምር ሸመገልኩ። ደም ለመውሰድ በየቀበሌው ስዞር፣ ከልጆቹ በፊት የራሴን ጣት እናቶቹ ፊት አስወጋ ነበር። ባልደረቦቼ ይህን ብልሃት ከየት አመጣሽው ይሉኝ ነበር። እኔ አላመጣሁትም፤ የእትዬ ጥሩዓለም ነው።

ከቀትር በኋላ እነማንጠግቦሽ ደረሱ። ሐኪሙ ልጁን አይቶታል፤ ሽሮፑን በእጇ ይዛለች። ዘንድሮም ሁዳዴ ነውና ወተት አልጨመርኩበትም፤ ይህንንም ገና ከበር ነገርኳት።

«እርስዎ ሠርተውት ልጠይቅ?» ብላ ሳቀች።

እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። እኔን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀኛለች፤ ከእጄ ያልበላችው ነገር የለም። ቢሆንም ማንኪያውን ስሰጣት መጀመሪያ ወደ ራሷ አፍ ወሰደችው፤ ዓይኗንም ጨፈነች። እትዬ ጥሩዓለምን ቁርጥ። ልጁ አፉን ከፍቶ ተራውን ይጠብቃል።