ሽማግሌ ያልላከው ሜዲካል ኤድ

አቶ ሀቢሶ በስልሳ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው ያልለቀቁት ማኅበር፣ ያላኮረፉት ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ቱግ ይላሉ፣ "በቃ ወጥቻለሁ" ይላሉ፣ ቤታቸው ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ከዚያ ሽማግሌ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሽማግሌም ይመጣል። ሆሳዕና ከተማ ሳሉ ከመዘምራን ወጥተው በሽማግሌ ተመልሰዋል። ጆሃንስበርግ ከመጡ ወዲህ ከዕድሩ ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ገብተዋል። አንዴማ በሾርባ ጨው ሰበብ ከገዛ ቤታቸው ወጥተው ጓደኛቸው ዘንድ አራት ቀን ከርመዋል። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ "እሺ፣ ስለ እናንተ ብዬ" ይላሉ እንጂ "ተሳስቻለሁ" የምትል ቃል ካፋቸው ወጥታ አታውቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤርጎጌ ይህን ልብ ብለው ይዘውታል።

ሙያቸው መካኒክነት ነው። በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአውቶቡስ ሥር ተኝተው ከሠሩ በኋላ ጡረታ የወጡት በማርች 2020 ነበር። የስንብት ግብዣው ሁለት ቀን ሲቀረው አገሩ በኮሮና ተዘጋ። ኬክ የለ፣ ንግግር የለ፣ "ምነው ባይሄዱብን" የሚል የለ። አለቃቸው በዋትስአፕ አንድ የአበባ ሥዕል ላኩላቸውና ተለያዩ። ያቺ አበባ ስታንገበግባቸው ከረመች።

ከጋራዡ ይዘውት የወጡት ዋና ነገር ሜዲካል ኤዳቸው ነው፤ በየወሩ መዋጮ እየከፈሉ የሚታከሙበት የጤና መድን ማለት ነው። ጡረታ ሲወጡ አባልነቱ አልተቋረጠም። ድርጅቱ ይችልላቸው የነበረው የመዋጮው ግማሽ ግን ወደሳቸው ዞረ። ስለዚህ በሴፕቴምበር ስልክ ደውለው ከትልቁ ፕላን ወደ መካከለኛው ልውረድ አሉ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ወጣት መለሰላቸው። ፕላን የሚቀየረው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ፎርሙ በኖቬምበር ይሞላል፣ የሚጸናው ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ነው አላቸው።

"በገዛ ቤቴ ከሳሎን ወደ ጓዳ ለመግባት ጃንዋሪን ልጠብቅ?"

"አዎ ጌታዬ" አለ ወጣቱ።

"በቃ ወጥቻለሁ" አሉ አቶ ሀቢሶ። በዚያው ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ በኢሜይል ላኩ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው መጠበቅ ጀመሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮ የኖረ ቤት አንድ ሰው ሳይልክ አይቀርም ብለው ስልካቸውን ከእጃቸው አልለይ አሉ። በሦስተኛው ቀን ኢሜይል መጣ፦ "ማመልከቻዎ ደርሶናል። በሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መሠረት አባልነትዎ ዲሴምበር 31 ያበቃል። መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን።" አገላብጠው አነበቡት። ልመና የለበትም። የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባላል፤ የአቶ ሀቢሶ ግን እራቱም ሊቀር ነው።

የከፋው ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ወይዘሮ ኤርጎጌ ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል። ኤፕሪል ላይ ሊደረግላቸው የነበረው ቀዶ ጥገና በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ ለመጪው ፌብሩዋሪ ተቀጥሯል። የሚታከሙትም በባላቸው ሜዲካል ኤድ ነው። አቶ ሀቢሶ ደብዳቤውን ሲጽፉ በንዴት ይህን ፈጽሞ ረስተውት ነበር። ትዝ ያላቸው በሳምንቱ ነው፤ ወይዘሮ ኤርጎጌ ሻይ ሲቀዱ ከኩባያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት።

"ፈሰሰ እንዴ?" አሉ።

"ምንም አልፈሰሰም" አሉ አቶ ሀቢሶ፤ በእጅጌያቸው ጠረጴዛውን ጠረጉት። ያም ሆኖ ደብዳቤውን አልሳቡም። ሳይለምኑኝ ምን ብዬ እመለሳለሁ አሉ፤ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ምስጢሩ የወጣው በኖቬምበር አጋማሽ ነው። ልጃቸው ፍሬገነት ዩኒቨርሲቲዋ ስለተዘጋ የምትማረው ከቤት ነው፤ የአባቷን የተጠራቀመ ኢሜይል አልፎ አልፎ የምታስተካክለውም እሷ ነች። አንድ ከሰዓት የሜዲካል ኤዱን ኢሜይል አገኘችውና ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ኤርጎጌ አልጮሁም፣ አላለቀሱም።

"የፍሬ አባት፣ አንተን የሚያስታርቅ እንጂ የሚመክር አልተፈጠረም" አሉ። ቀጥለውም ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በይ ሽማግሌዎቹን ጥሪልኝ።"

በኮሮና ጊዜ ሽማግሌ ቤት ለቤት አይሄድም። ፍሬገነት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለቱን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በአንድ መስመር አገናኘቻቸው። አቶ ይገረም ቶኮዛ ሰፈር ባለው፣ ስፓዛ በሚሉት ትንሽ ሱቃቸው ቆመው በመሃል ዳቦ እየሸጡ፣ አቶ አሳምነው ከአሌክሳንድራ ሰፈር ሆነው ገቡ። ከዚያ ወደ ሜዲካል ኤዱ ተደወለ። "ይህ ንግግር ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀረጻል" የሚለው የሴት ድምፅ አለፈ፣ ሙዚቃው አለፈ፣ ዛኔሌ የምትባል ሠራተኛ አነሳች።

"ሳውቦና ልጄ" አሉ አቶ ይገረም፤ ከደንበኞቻቸው በለመዱት የዙሉ ቋንቋ ሰላም ማለታቸው ነው። "ወንድማችን ተቆጥቶ ከቤታችሁ ወጥቷል። እኛ ለዕርቅ የተላክን ሽማግሌዎች ነን። መጀመሪያ እንጸልይ።"

ጸለዩ። ዛኔሌ "አሜን" አለች።

"እኛም ዘንድ ትልቅ ጉዳይ በሰው ተልኮ ነው የሚነገረው፣ ባባ" አለች ቀጥላ፤ አባቴ ማለቷ ነው። "ግን ሕጋችን ከዋናው አባል አፍ ካልሰማችሁ አትቀበሉ ይላል። ማስጠንቀቂያው እስኪያልቅ እሳቸው አሁንም አባል ናቸው። እስከ ዲሴምበር 31 መልቀቂያቸውን መሳብ ይችላሉ። ያ ቀን ካለፈ እንደ አዲስ ነው የሚገቡት፤ ሦስት ወር ይጠብቃሉ፣ ቀድሞ ለነበረ ሕመም እስከ አንድ ዓመት፣ በዕድሜያቸውም ምክንያት መዋጮው ላይ ቅጣት ይጨመራል።"

"ሰማህ፣ ወንድም ሀቢሶ?" አሉ አቶ አሳምነው። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።"

አቶ ሀቢሶ ወደ ስልኩ ተጠጉ። "ድርጅቱስ? እንድመለስ ይፈልጋል?"

"ድርጅቱን እንኳ እኔም አላውቀውም፣ ባባ" አለች ዛኔሌ። "እኔ ግን ቢመለሱ ደስ ይለኛል።"

ይህች ትንሽ ልመና ልባቸውን አራሰችው። "እሺ፣ ስለ አንቺ ብዬ" አሉ።

"ይቅርታ ባባ፣ እዚህ ፎርሙ ላይ መልቀቂያው የተሳበበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ። 'ስለ አንቺ ብዬ' ብዬ መጻፍ አልችልም።"

አቶ ሀቢሶ ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ስልክ አዩ። ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ኤርጎጌ ኩባያውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይፈልጉ ነበር፤ ከፊታቸው አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል። አቶ ሀቢሶ አንስተው አስያዟቸው።

"ተሳስቻለሁ" አሉ። "ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ።"

ከቶኮዛ በስልኩ ውስጥ አንድ ደንበኛ ዳቦ ሲጠይቅ ተሰማ።

"መስመሩ ይቆራረጣል፣ ወንድም ሀቢሶ" አሉ አቶ ይገረም። "ምን አልክ?"

"ጥርት ብሎ ተሰምቷል" አለች ዛኔሌ፤ ስትጽፍ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ይንኳኳል። የሚፈረም ወረቀት በኢሜይል እንደምትልክ፣ ዛሬውኑ ፈርመው እንዲመልሱ ነገረቻቸው። ደግሞም አሁን ኖቬምበር ስለሆነ ያን ጊዜ የጠየቁት የፕላን መቀየሪያ ፎርም ተከፍቷል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ከሞሉት ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ በመካከለኛው ፕላን ይሆናሉ። የወይዘሮ ኤርጎጌ ቀዶ ጥገናም በዚያ ፕላን፣ በተመዘገቡት ሆስፒታሎች ይሸፈናል፤ የተቀጠሩበትም ሆስፒታል ከነዚያ አንዱ ነው። ከሳሎን ወደ ጓዳ መግባት እንዲህ ቀላል ሆነ።

ሊሰነባበቱ ሲሉ ወይዘሮ ኤርጎጌ እጃቸውን አነሱ።

"ፍሬ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። መጀመሪያ ላይ ንግግራችሁ ይቀረጻል ያለችው ሴትዮ እውነቷን ነው?"

ፍሬገነት እየሳቀች ጠየቀች። አዎ፣ ሁሉም ይቀረጻል፣ አባላት ከጠየቁም ቅጂ ይሰጣል አለች ዛኔሌ።

"እንግዲያው የዛሬውን ይላኩልኝ" አሉ ወይዘሮ ኤርጎጌ። "ይህችን ቃል ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ዐይኔ እስኪበራ በጆሮዬ እሰማታለሁ።"

አቶ ሀቢሶ ቱግ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ ገና መስመር ላይ ነበሩና መልሰው ዘጉት፤ የሚስታቸው ሻይ መቀዝቀዙን አይተው ሌላ ሊያፈሉ ተነሡ።