ከኬላው ወዲህ የቀሩት አባ እድሪስ

ባለፈው ሐምሌ ጎንደር ላይ ዝናብ ሲይዘኝ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ተጠለልኩ። ደጁ ላይ የተከመረውን የሰሊጥ ጆንያ ዝናብ ነክቶታል። የእርጥብ ቃጫና የሰሊጥ ሽታው ሳላስበው መተማ ይዞኝ ወረደ፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ወደነበረው የአባ እድሪስ ራኩባ። ራኩባ የምንለው በሣር የተከደነ፣ ግድግዳ የሌለው ዳስ ነው። አባ እድሪስ ከሥሩ የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየመቱ ይውሉ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ድንበሩ ተዘግቷል፤ ማዶ፣ የሱዳኗ ገላባት ውስጥ፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማናል፣ መሻገር ግን የለም። ወደ ጎንደር በሚያወጣው መንገድ ደግሞ ኬላ አለ፤ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ አያልፍም። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ይላቁጥና ወረቀት ያለውም ይቀራል። እናቴ ተዋቡ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ለሚወርዱ ሠራተኞች ምግብ እየሸጠች ነበር የምታሳድገኝ። ከተማው በወታደርና በመንገደኛ ስለተሞላ፣ እኔም ሴት ልጅ ስለሆንኩ ከትምህርት ቤት በቀር የትም አትልከኝም። ዓለሜ ግቢያችን ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ የሚታየኝም የአባ እድሪስ እጅና የመኪናቸው መዘውር።

አባ እድሪስ የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ እንደወረዱ በዚያው ቀሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸው ውትድርናውን ሸሽቶ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ቀበሌ እየሄዱ አለመኮብለላቸውን ያሳያሉ። ልጃቸው ዘንድ መሄድ አይችሉም፤ አገራቸውም መግባት አይችሉም። ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቁልፍ እየተከሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ወላሂ፣ የደሴ ብርድ ናፈቀኝ" ሲሉ ሰማኋቸው።

የስፖርት አስተማሪያችን መምህር ዘለቀ በንጉሡ ጊዜ ስካውት ነበሩ። ያ ስም የአሮጌው ሥርዓት ነው ተብሎ ቀርቷል፤ እሳቸው ግን ገመድ መቋጠሩን፣ ድንኳን መትከሉን፣ ቁስል ማሰሩን ያስተምሩን ነበር። በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ደጋው ላይ፣ አይከል አጠገብ፣ "የተማሪዎች ካምፕ" ብለው ሊያሳድሩን አስፈቀዱ። ፈቃዱ ሲመጣ ወጪው በወላጅ ይሁን ተባለ፤ ድንኳኑ፣ የካኪ ልብሱ፣ ቀለቡ፣ መኪናው። ያን የሚችለው የነጋዴና የሹም ልጅ ብቻ ነበር።

መምህሩ ራኩባው ሥር ተቀምጠው "ለጥቂቶቹማ ከሆነ ቢቀር ይሻላል" ሲሉ እኔ አጥሩ ሥር ነበርኩ።

አባ እድሪስ መኪናቸውን አቆሙ። "ድንኳን ጨርቅ አይደል? አሮጌ ጆንያ አገር ሞልቶታል። ካኪውን ተወው፣ ልጁ የለበሰውን ለብሶ ይሂድ። ማሽላ ያለው ማሽላ ያምጣ፣ የሌለው እንጨት ይልቀም።"

ከዚያ ልጆቹ ጆንያ እየለመኑ ወንዝ ወስደው ያጥቡ፣ አባ እድሪስም ደራርበው ይሰፉ ጀመር። ሰሊጥ ጭኖ የሚወጣ አንድ ሾፌርም ልጆቹን ከጭነቱ ላይ ሊወስድ ቃል ገባ። እኔ ብቻ ቀረሁ። እናቴ "ሴት ልጅ ሜዳ አታድርም" አለች፤ አለቀ።

አባ እድሪስ እደጃችን መጡ። "ተዋቡ፣ ልጅቱን ለምን ከለከልሻት?"

"እርስዎ ያውቁልኝ እንጂ። አንድ ልጅ ናት። መንገዱ ወታደር፣ ጫካው ሽፍታ። እዚህ ቢያንስ ዓይኔ ሥር ናት።"

"ዓይንሽ ሥር ሆና ደረቀች እኮ።"

እናቴ ሊጧን ማቡካቷን ቀጠለች።

"ለልጆቹ የሚያበስል ሰው አላገኘንም" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺ ብትሄጅላቸው ለሁሉም ይቀላል። ልጅሽም ካጠገብሽ አትርቅም። እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ አብሽሪ።"

እናቴ በሙሽርነቷ ከወረደች ወዲህ ያንን ኬላ አልፋ አታውቅም። ሊጥ የነካውን እጇን ስታይ ቆየች። "ትልቁን ብረት ድስት ማን ይሸከምልኛል?" አለች በመጨረሻ። እሺ ማለቷ ነበር።

በመሄጃችን ጠዋት አባ እድሪስ ከቀበሌ ያስፈረሙትን የይለፍ ወረቀት ይዘው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ አዲስ ጥምጥም አስረው ከእኛ ጋር ጭነቱ ላይ ወጡ። ኬላው ላይ አንድ ልጅ እግር ወታደር ወረቀታችንን አየና፣ "አባ፣ እርስዎ ይውረዱ" አላቸው።

"ወረቀቴ ተፈርሟል።"

"ተፈርሟል። ትናንት ማታ ግን እርስዎ እንዳያልፉ ትእዛዝ መጣ።" ዓይናቸውን አያይም። "እኔን አያስቀጡኝ፣ አባቴ።"

አልተከራከሩም። ጀለቢያቸውን ሰብስበው ወረዱ። እናቴም ተከትላ ልትወርድ እግሯን ሰደደች።

"ተቀመጪ" አሏት ከታች። "አንቺ ከወረድሽ ልጆቹ ሁሉ ይወርዳሉ።" ከኪሳቸው መርፌና ክር አውጥተው አቀበሏት። "ድንኳኑ ቢተረተር ስፊላቸው።"

መኪናው ሲነሳ ዞሬ አየኋቸው። የሚያዩት እኛን አልነበረም፤ ከፊታችን ያለውን ተራራ ነበር።

አይከል ላይ ብርድ ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ። በነጋታው ጠዋት ሜዳውን ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የእናቴን ጥሪ እየጠበቅሁ ነበር የምራመደው፤ አልመጣም። ዞር ስል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሩቅ ሩቁን ታያለች። "ምን ቆምሽ?" አለችኝ። "ሂጂ እንጂ።"

ስንመለስ ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። ኬላው ከኋላችን ተዘጋ። አባ እድሪስ ራኩባቸው ሥር ናቸው። ስለ ምግቡም ስለ መንገዱም አልጠየቁም።

"በረዳችሁ?" አሏት እናቴን።

"ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ፣ አባ እድሪስ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

እናቴ ደገመችላቸው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወጣን፤ አጥቶ የቀረ ልጅ አልነበረም። እሳቸው ግን ዳግመኛ ወረቀት አልጠየቁም። እኔ ለትምህርት ጎንደር ከገባሁ በኋላ መንግሥት ወደቀ። መንገዱ ሲከፈት ወደ መተማ ወረድኩ፤ ኬላው ላይ ሰው የለም። ራኩባው ባዶ ነው። አባ እድሪስ ጠባቂዎቹ በሸሹ ማግስት ባገኙት መኪና ተሳፍረው መውጣታቸውን እናቴ ነገረችኝ። ደሴ ይድረሱ አይድረሱ ወሬ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማንም።

የስፌት መኪናውን ለእናቴ ትተውላት ነበር። ከመርፌና ክር በቀር ስፌት የማታውቀው እናቴ ጎረቤት እየጠየቀች፣ ጣቷን እየወጋች ለመደችው። በቀጣዩ ዓመት የልጆቹን ድንኳን የሰፋችው እሷ ናት። ስፌቷ ጠማማ ነበር፤ ነፋስ ግን አላስገባም።