የእትዬ አበራሽ ድርሻ

ሆሳዕና መጥታችሁ «የፈረንጅ ቆቅ ያለው የት ነው?» ብትሉ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ሽብሩ ደጃፍ ያደርሳችኋል። ቆቅ እንኳ አይደለም፤ ፌዛንት የሚባል ወፍ ነው። ስሙ ለአፍ አልመች ስላለ ሰፈሩ የራሱን አወጣለት። አውራው አናቱ ወርቅማ፣ ደረቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ጅራቱ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ነው። ለወጥ የሚያረባው የለም፤ ለዐይን ብቻ ነው። በሠርግ ሰሞን ሙሽሮች ቬሎና ሱፋቸውን እንደለበሱ ግቢው ገብተው በሽቦው አጠገብ ፎቶ ይነሳሉ። ሽብሩም ኮቱን ደርቦ ዳር ላይ ይቆማል። ማንም ና አላለውም፣ ማንም ሂድ አይለውም፤ ብቻ የሰፈሩ ሙሽሮች አልበም ውስጥ ሽብሩ አለ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየገጠሩ እየዞረ ከብትና ዶሮ ሲከትብ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ የሆነ፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው። ወፎቹን ያገኛቸው ዱራሜ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሲዘጋ ነው። ባለቤቱ «ሊሞቱብኝ ነው፣ አንተ ታውቅበታለህ» ብሎ አንድ አውራና አንዲት ሴት ሰጠው። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በቀዳዳው እያጮለቀ፣ በሚኒባስ ሆሳዕና ገባ።

ሴቲቱ እንቁላል መጣል ጀመረች፤ መታቀፍ ግን ወዴት! ጥላው ትሄዳለች። እንዲህ ያለች እናት ሲያጋጥም ያገር ዶሮ ነው መፍትሔው። ታቃፊ ዶሮ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ እትዬ አበራሽ ቤት አለች።

እትዬ አበራሽ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። ባላቸው ለመንግሥት ሥራ ተመድበው መጥተው እዚሁ አረፉ፤ እሳቸውም የባላቸውን መቃብር ትቼ የት እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። ሽብሩ ገና ጎረምሳ ከታቢ ሳለ የእሳቸው ተከራይ ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬም በስሙ ብቻ የሚጠሩት።

«ዶሮዬን ውሰድ» አሉት። «ግን የርቢ ነው። ከሚፈለፈለው ሁለቱ የኔ።»

የርቢ ማለት እንግዲህ አገር የሚያውቀው ነው፤ እንስሳህን ትሰጣለህ፣ ከሚወለደው ድርሻህን ታገኛለህ። ወረቀት የለው፣ ፊርማ የለው። ሰው ለሰው ባለው እምነት ብቻ የሚሄድ ነገር ነው።

ዶሮዋ ሰባት እንቁላል ታቀፈች፤ በሃያ ሦስተኛው ቀን አምስት ፈለፈለች። ሽብሩ ጫጩቶቹን እያገላበጠ አየና ሦስቱን ደንዳኖች ለራሱ አስቀረ። ሁለቱን ኮስማኖች ለእትዬ አበራሽ ወሰደላቸውና «ደህና ደህናዎቹን መርጬ ነው» አላቸው። ይቺ ውሸት ትንሽ ነበረች፤ ችግሩ ትንሽ ውሸት ብቻዋን አለመኖሯ ነው። እሳቸው መርቀው ተቀበሉት፣ ኮስማኖቹን ሩዝ እየቀቀሉ አሳደጓቸው። ለመለያ ብለውም የጫጩቶቹ እግር ላይ ቀይ ክር አሰሩ።

አራት ወር ሲሞላ ሸለምጥማጥ በሽቦው ሥር ቆፍሮ ገብቶ የሽብሩን አውራ በላበት። ሦስቱ ደንዳና ጫጩቶች ደግሞ ሲያድጉ ሦስቱም ሴቶች ሆነው ቁጭ አሉ። አውራ ከሌለ ርቢ የለ፣ ርቢ ከሌለ «የሽብሩ ቆቅ» የሚባል ነገር በቃ አበቃለት። ይኼን እያሰበ እህል አልወርድ ብሎት ሰነበተ።

በዚህ መሃል ነው እትዬ አበራሽ ከአጥሩ ማዶ የጠሩት። «ሽብሩ፣ ና እስቲ ይኼን ተመልከትልኝ። ደረቱ ላይ ቀላ ቀላ እያለ ነው።»

ሄደ፤ አየ። ዐይኑ ነጣ ያለ፣ ደረቱ ላይ ቀያይ ላባ ያወጣ፣ ያ ኮስማና የተባለው አውራ ሆኗል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «እትዬ፣ ይኼን አውራ ይስጡኝ» ማለት። ግን እንዴት ብሎ? ከታቢው፣ ዐዋቂው ሽብሩ፣ ለሴትዮዋ ውራጅ ብሎ የሰጠውን ወፍ መልሶ ሊለምን? ምላሱ ቀደመው።

«ሴት ናት» አለ። «ላባ ስትቀይር እንዲህ ያደርጋታል።»

«እንዲህ ነው እንዴ? ጎሽ፣ አንተ ካልክ ነው» አሉት።

ሳምንት ሳይሞላ ከደብረ ብርሃን ስልክ ተደወለ፤ የእትዬ አበራሽ ታላቅ እህት አርፈዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ የግቢያቸውን ቁልፍ ለማን ይስጡ? ለሽብሩ ሰጡት። «ወፎቼን አደራ» አሉት። አደራ። ይህችን ቃል ሰምቶ የሚያስነውር ነገር የሚሠራ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ አደራ በላ።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሚስቱ ጣቢታ ገበያ ሳለች፣ ሽብሩ ከራሱ ሴቶች አንዷን ካርቶን ውስጥ ከቶ ወደ ማዶ ተሻገረ። የቀዩን ክር ቋጠሮ በጣቱ ቢለው ቢለው እምቢ ስላለው በጥርሱ ፈታው። ክሩን ሴቲቱ እግር ላይ አሰረና አውራውን ይዞ ተመለሰ። ስንቱን ሌባ ያስታረቀ አፍ ነው እንግዲህ ያን ቋጠሮ የፈታው። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ የተባለው ለማን መሰላችሁ!

እትዬ አበራሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ፤ ከነሐዘናቸው በሶ ይዘውለት መጡ። ከሽቦው ፊት ቆመው ወፏን ለረዥም ጊዜ አዩአት።

«ቀዩም ጠፋ» አሉ።

«ብዬዎት ነበር» አለ ሽብሩ።

በሶውን ሰጥተውት ወደ ቤታቸው ገቡ። ጣቢታ በሶውን በጠበጠችለት፤ አልጠጣውም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓመት ሽብሩ እንዴት እንዳሳለፈው እሱ ነው የሚያውቀው። አውራው ዕለት ዕለት እየቀላ፣ እያበራ ሲሄድ እሱ አንገቱን እየደፋ ሄደ። ሰው «ከየት አገኘኸው?» ሲለው «ካሳደግኋቸው ነው» ይላል። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። የጌታ እራት ሲዞር ጽዋውን ሳይቀምስ ለጎኑ ሰው አሳለፈ። ጣቢታ «አሞሃል እንዴ?» ስትለው «ጨጓራዬ ነው» አላት። እትዬ አበራሽን ላለማግኘት በኋላ በር መውጣት ጀመረ። እሳቸው ግን ባገኙት ቁጥር እንደ ድሮው «ሽብሩ፣ ደህና አደርክ? ጣቢታስ?» ይሉታል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገነቴ መጣች። ገነቴ ቆጮ ነጋዴ ናት፤ የሰፈሩ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ከሽቦው ፊት ቆማ አውራውን እያየች ከንፈሯን መጠጠች።

«እትዬ አበራሽ እኮ ምን ዓይነት ነፍስ ናቸው! ይኼን የመሰለ ፍጥረት ለሰው ይሰጣል?»

ሽብሩ የያዘውን የውሃ ጣሳ መሬት አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ሰጠሁት አሉኝ እኮ። ከለቅሶው በተመለሱ በሳምንቱ ወፉን አንተ ግቢ አይቼ ጠየቅኋቸዋ። ይኸው፣ የኋላ ጥፍሩ የለም፤ በር ቆርጦበት ዘይት ስንቀባው እኔም ነበርኩ። ‹አዎ፣ የሱን ሸለምጥማጥ በላበት፣ እኔ ሰጠሁት፣ በምትኩ ሴት ሰጠኝ› አሉኝ።»

ሽብሩ የወፉን እግር አየ። እውነትም ጥፍሩ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የዶሮ እግር ሲይዝ የኖረ ሰው፣ የዚህን እግር ልብ ብሎ አላየም። ሴትዮዋ ከለቅሶ ተመልሰው ያቺን ወፍ ያዩ ዕለት ነው ያወቁት። ዓመት ሙሉ ደህና አደርክ ሲሉት የነበረው እያወቁ ነው።

ገነቴ ስትሄድ አውራውን በብብቱ ይዞ ማዶ ተሻገረ። እትዬ አበራሽ ደጃፋቸው ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

«እትዬ» አለ። «ይኼን... እኔ ያኔ...»

«ቁጭ በል» አሉት። ቁጭ አለ።

«እኔን የከፋኝ ወፉ አይደለም» አሉ፣ ከጎመናቸው ቀና ሳይሉ። «ገነቴ አስቀድማ ወንድ ነው ብላኝ ነበር። ተጣላኋት። ሽብሩ ሴት ናት ካለ ሴት ናት፣ እሱ አይዋሸኝም ብዬ ተቆጣኋት። እሱ ነው የከፋኝ።»

ሽብሩ ወፉን አቅፎ መሬት መሬት አየ። «ታዲያ ለምን ሰጠሁት አሉ?» አለ።

«ምን ልበል? ጎረቤቴ ሌባ ነው ልበል? አገሬ ሩቅ፣ ልጅ የለኝ፤ ብታመም ቁልፌን ለማን ልሰጥ ነው?» ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉት። «በል ወፉን መልሰው፣ እዚህ ከኔ ጋር ምን ይሠራል። ዶሮዬ ደግሞ መታቀፍ አምሯታል፤ ይዘሃት ሂድ። የርቢው እንዳለ ነው። ሲፈለፈሉ ግን መራጯ እኔ ነኝ።»

ይቅር ይበሉኝ ሊል የሄደ ሰው፣ ይህንኑ ሳይል፣ በአንድ ብብቱ አውራውን በሌላው ዶሮዋን አቅፎ ተመለሰ። በአጭሯ መንገድ መንደሩ ሁሉ ያየው መሰለው።

በማግስቱ ሙሽሮች መጡ፣ ከእነ ካሜራማናቸው። እትዬ አበራሽም ዶሮዋን ሊያዩ መጥተው በሩ ጋ ቆመዋል። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው? እንዴት ያምራል!» አለችው።

«የእትዬ አበራሽ ነው» አለ ሽብሩ።

«ሰጥተውህ የለ እንዴ!» አለች ከሚዜዎቹ ኋላ የነበረችው ገነቴ።

ሽብሩ እትዬ አበራሽን አየ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተው ለማለት። እሱ ግን ዓመት ሙሉ የዋጠው ነገር ከዚህ በላይ አልዋጥ አለው።

«አልሰጡኝም» አለ። «አደራ ብለው ቁልፍ ቢሰጡኝ ሰርቄ ነው የወሰድኩት።»

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ሙሽራውም ሳቀ። ገነቴ እያጨበጨበች «ጋሽ ሽብሩ ደግሞ ቀልዱ!» አለች። ካሜራማኑ ዐይኑን እየጠረገ «በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጋሼም ይግቡ» አለ።

እትዬ አበራሽ ብቻ አልሳቁም። ሽብሩም አልገባም፤ ኮቱን አውልቆ ወደ ጓሮ ሄደ። በዚያች ሙሽራ አልበም ውስጥ ሽብሩ የለም።